እናትህን ትጭንባታለህ?

ሰኞ ጥቅምት 3

ዛሬም ናፍጣ ሸትቼ ገባሁ። እማዬ ጫማህን ውጪ አውልቅ አለች። አወለቅኩ። እግሬም ይሸታል... እሱን የት ላውልቀው?

የሁዳ ላንድክሩዘር ተመልሳ መጣች። አሮጌዋ፣ ባለ ባሌስትራዋ። ሁዳ እንግዳ ይዛ አፋር ምናምን የምትወርድ ሴትዮ ናት፣ ራሷ ነው የምትነዳው። መኪናዋን ባለፈው ወር አራት ጣት ከፍ ያደረግኩላት እኔ ነኝ። እኔ ኢርፋን! አዲስ ባሌስትራ፣ ረጅም አሞርዛተር፣ ትልልቅ ጎማ... እሪ በከንቱ ሰፈርን ስታቋርጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያያት። አሁን ግን ፍሬን ስትይዝ መሪው ብቻውን ወደ ቀኝ ይሄዳል።

"በራሱ የሚሄድ ግመልማ አፋር ሞልቷል" አለችኝ ሁዳ። "እኔ መኪና ነው የሰጠሁህ።"

ሄኖክ ሳቀ። ፍሬን የሚሠራው ሄኖክ፣ በእኔ ሙድ ካልያዘ ምሳ አይበላለትም። "አውርዳትና ይለይላት" አለ። ባለጋራዡ ጋሽ አጽብሐም "እንደነበረች አድርጋት" አሉ። ዓርብ ጠዋት እንግዶች ይዛ መውጣት አለባት። ካልሆነልህ መሪ መንካት ትተህ የመኪና ዕቃ በናፍጣ አጣቢ ትሆናለህ አሉኝ፣ ሰው ፊት።

አላወርድም። ከአራቱ ጣት አንዷን አልቀንስም። ከፍታው ምን አጠፋ?

ማክሰኞ ጥቅምት 4

ሥሯ ገብቼ ተኛሁ። አየሁ አየሁ... ገባኝ!

የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ፣ አካሏን የሚሸከመው ብረት ላይ ነው፣ ከሻንሲው ጋር ከፍ ብሏል። ጎማው ታች ቀርቷል። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ድሮ አግድም ነበር፣ አሁን ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ መሰላል ሆኗል። ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ዘንጉ ጎማውን ይገፋዋል። በቃ! ከሳጥኑ የሚወርደውን ክንድ ወደታች የታጠፈ ማድረግ ነው። ዘንጉ አብሮት ይወርዳል፣ አግድም ይሆናል። ይሄን ያሰበው ስድስተኛ ክፍልን የወደቀ ሰው ነው። ያለፉት ምን እየሠሩ ነው?

የታጠፈ ክንድ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ዞርኩ። ወፍ የለም። ከዱባይ ይታዘዛል፣ ይቆያል አሉኝ። ምን ዱባይ አስኬደኝ? የራሷን ክንድ ፈትቼ ብረት ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው እሳት ላይ ቀይ እስኪሆን አግሎ አጠፈው። ከዛ ውሃ ውስጥ... ጢስስስ! አሪፍ ሆነ። ጥቁር ቀለም ቀባሁት።

ረቡዕ ጥቅምት 5

ቀጥ አለች! ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ለቀቅኳት፣ ፍሬን ያዝኩ፣ እጄን ከመሪው አነሳሁ... ንቅንቅ የለም። ጋሽ አጽብሐ አጠገቤ ነበሩ። "አንተ ባለጌ፣ እጅ አለህ" አሉ። ሄኖክ አኩርፎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ይጠጣ። ስኳር ይጨምርበት።

ነገ ሁዳ ትረከባለች። ጋሼም ጥያቄያቸውን ይጠይቁኛል። ፍሬኑ ወይ መሪው የተፈታ መኪና ሲወጣ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው፦ "እናትህን ትጭንባታለህ?" አዎ ትላለህ፣ በሩ ይከፈታል። ለወጉ ነው። አይ ያለ አላየሁም። ሄኖክ እናቱ ከሞተች ቆየች፣ እሱም አዎ ይላል።

እኔማ ነገ ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ሐሙስ ጥቅምት 6

ምን አደረግኩ?

ጠዋት ሄኖክ የዛገ ቡሎን በመሮ ሲመታ የመሮው ጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በጆሮዬ ሥር አለፈ። "ያ ብረት ቤት ነው የሠራልኝ!" አለ። "በጣም አግሎ ውሃ ይነክረዋል፣ እንደ ብርጭቆ ይሆናል።" ክንዱን ያጠፈልኝም ያው ሰውዬ። ያው ውሃ።

ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። ከሰዓት ሁዳ መጣች፣ ሁሉም ተሰበሰበ። ከዛ ሄኖክ እማዬን ይዟት ከች! ሽንኩርት ከምትሸጥበት ጉልቷ አስነስቶ። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች።

"ዛሬ በወሬ አይደለም ጋሼ" ይላል። "ይኸው እናቱ!"

"ልጄ ሊያንሸራሽረኝ ነው አሉኝ" አለች እማዬ። መኪናዋ ከፍ ብላባት መውጣት አቃታት። ሁዳ በርጩማ አመጣችላት። እማዬ አንድ እግሯን በርጩማው ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ...

ጋሼ እየሳቁ "እህሳ ኢርፋን፣ እናትህን ትጭንባታለህ?" አሉ።

ያ የመሮ ጫፍ ታወሰኝ። አዎ አልወጣም። ያ ክንድ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር መሪው እጅህ ላይ ይቀራል፣ ጎማው የፈለገበት ይሄዳል።

"አልጭንም።"

"ምን አልክ?"

"አልጭንም። ሁዳም አትሄድባትም። ክንዱ አይታመንም።"

"አንተ ልጅ!" ሁዳ ጮኸች። "ነገ እንግዶቼ ሆቴል በር ላይ ይጠብቁኛል!"

"ሌላ መኪና ፈልጊ።" ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

እማዬ ከበርጩማው ወረደች። "ለዚህ ነው ቀሚስ ያስቀየርከኝ?" አለችው ሄኖክን።

ክንዱን ፈታሁ። ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ይሰበራል ብዬ፣ በትልቁ መዶሻ መታሁት። ኪንንን... አልተሰበረም። ደገምኩ። አልተሰበረም! ሰው ሁሉ ሳቀ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"በል አሁን መልሰህ እሰረው" አሉ ጋሼ።

"አላስርም።"

"ጋራዡ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው። አዎ የምለው ግን እኔ ነኝ።"

ከነገ ጀምሮ ዕቃ አጣቢ ነኝ። እጠባለኋ! ከእኔ በላይ የሚያጥብ የለም።

ዓርብ ጥቅምት 7

ዕቃ አጠብኩ። ሁዳ የራሷን እዚሁ ትታ የሰው መኪና ተከራይታ ወጣች። ቻው እንኳን አላለችኝም። ምን አባቷ።

ረቡዕ ጥቅምት 12

ሄኖክ ጠዋት ጠዋት "ብረቱ አልተሰበረም እኮ" ይለኛል። በሰላምታ ፈንታ። እኔም "ደህና ነኝ" እንደማለት "አዎ አልተሰበረም" እለዋለሁ።

ልክ ነበርኩ? እንጃ። የሚታወቀው አፋር ላይ ነበር፣ ሁዳ መኪናዋ ውስጥ ሆና። እንዲህ ማወቅ ይቅርብኝ። ዛሬም ቢጠይቁኝ አልጭንም ነው የምለው። ነገም።

ቅዳሜ ጥቅምት 22

ሁዳ መጣች። በፀሐይ ጠቁራለች። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዷ አደረገችው። የታጠፈ ክንድ! አዲስ፣ ከፋብሪካ የወጣ። ከዱባይ በሰው አስመጥታው።

"እሰረው" አለችኝ።

እጄ ናፍጣ ውስጥ ነው። "ሄኖክ አለልሽ" አልኳት።

"ሄኖክ አዎ ይላል" አለች። "ሄኖክ ሁሌ አዎ ነው።"

ሄኖክ ሰምቷል። መሬት መሬት አየ። እኔ ምንም አላልኩም... እሺ፣ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።

ማክሰኞ ጥቅምት 25

አሰርኩት። ዘንጉ አግድም ሆነ። ብቻዬን ወጥቼ ሞከርኳት፣ መልሼ ሥሯ ገባሁ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በእጄ ነካሁ።

ጋሼ በሩ ጋ ቆመው ጠየቁኝ። የዛሬው ሳቅ የለውም። "እናትህን ትጭንባታለህ?"

ድሮ አዎ ስል መዶሻውን የሚያስቀምጥ አልነበረም። ዛሬ ሁሉም አስቀመጠ። ሁዳ አፌን ታያለች። ሄኖክም።

"ቆዩ" አልኩ። አንዷን ቡሎን ድጋሚ አጠበቅኳት። ሁሉም ቆየ! እኔን!

"አዎ" አልኩ። ቀስ ብዬ።

እማዬን ከጉልቷ አነሳኋት። "አሁን እንኳን ቀሚስ አልቀይርም" ብላ በሽንኩርት ሽርጧ ወጣች። ሁዳ በርጩማውን ያዘችላት። የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ወረድን። መሃሉ ላይ ስንደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ ሁለት እጄን አነሳሁ። ቀጥ!

"እጅህን መልስ አንተ!" ብላ ትከሻዬን ዠለጠችኝ። ከዛ በመስኮት አየች። የሰው አጥር፣ የሰው ጣሪያ፣ ሁሉም ከሥራችን።

"ኢርፋን" አለች።

"ወይ እማ።"

"አምስት ጣት ብታደርጋትስ ኖሮ?"

የማን እናት ናት!