በገጽ አርባ ሦስት ላይ ስለጠፋችው ነጥብ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ መጋዘንዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በማዋለጃ ክፍል የሠራሁ ጡረተኛ ስሆን፣ ለጀማሪ አዋላጆች አንዲት የኪስ መጽሐፍ ጽፌ ነበር። በመጀመሪያው እትም ገጽ አርባ ሦስት ላይ፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው መድኃኒት መጠን ሲጻፍ አንዲት ነጥብ አምልጣኝ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከሱቅ ሱቅ እየዞርን መጽሐፉን ሰብስበን አቃጠልን፤ አርሜም እንደገና አሳተምኩ። ለአንዲት ባልደረባዬ ፈርሜ የሰጠኋት ቅጂ ግን ተረስታ ቀርታ፣ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ስካን አድርጎ ስለጫናት፣ ዛሬ ከነፊርማዬ በእርስዎ ዘንድ በነጻ ትወርዳለች።

ቅሬታዬም በትሕትና ሲቀርብ እንዲህ ነው።

1ኛ. ለአሥራ አንድ ደብዳቤዎቼ ሁሉ፣ ድርጅትዎ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንደሆነና ውስጡ የተቀመጠውን እንደማያይ ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ከፋይሉ ጎን «የሳምንቱ ተፈላጊ» ብሎ የጻፈው፣ ከሥሩም የጫማ ማስታወቂያ የለጠፈው ማን እንደሆነ ግን ባውቅ ደስ ባለኝ። ሕጉ አላየሁም ያለን እንደማይነካ ጠበቃዋ የእህቴ ልጅ አንገቷን ደፍታ ነግራኛለች።

2ኛ. አንድ ጊዜ ሰርዘውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከሰዓት በኋላ በሌላ ስም ተመልሳ ስትመጣ አዲስ ፋይል ስለሆነች አዲስ ማመልከቻ እንድሞላ ታዘዝኩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

3ኛ. ባለመብትነቴን ለማስረዳት የታረመውን እትም ላኪ ተብዬ ላክሁ። ማሽንዎም ቀድሞ ከተቀመጠው ጋር አስተያይቶ፣ የሰው ሥራ ሰርቀሻል በማለት ትክክለኛውን ሰረዘ፤ እኔንም አገደ። የተሳሳተው ባለበት አለ። ንቃቱን አደንቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ አዋላጅ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ከእርስዎ አውርዳ ያተመችውን እያሳየች አመሰገነችኝ። ገጽ አርባ ሦስትን በእስክሪብቶ አረምኩላት። ከፋይሉ ጎን ያለው ቆጣሪ የሚያሳያቸው የቀሩት ስድስት ሺህ አውራጆች የት እንዳሉ እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አይነግሩኝም። ፈርቻለሁ። ይሰሙኛል ብዬም አይደለም የምጽፈው።

ለግድግዳዎ ጽናትን፣ ለጣሪያዎም አለማፍሰስን እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣

በራሷ መጽሐፍ ሌብነት የታገደችው አዋላጅ

ማሳሰቢያ፦ ከቤተሰብዎ ነፍሰ ጡር ካለች፣ አዋላጇ ከየትኛው እትም እንደተማረች አስቀድመው እንዲጠይቁልኝ እለምናለሁ። ከእርስዎ መጋዘን ከሆነ ይደውሉልኝ፤ እስክሪብቶዬን ይዤ እመጣለሁ።