በአንተ ስም የተቀበልኩት ምርቃት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኛ ደህና ነን። ስልክ ስትደውል ስለ አባባ «እሱስ?» ብቻ ትለኛለህ፤ እኔም «አለ» ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ ግን አፌ አውጥቶ ያልነገረህን ልጻፍልህ።

አባባ ከወደቀ ወዲህ ግራ ጎኑ እንደማይታዘዝለት ታውቃለህ። ያልነገርኩህ፣ እኔን እንደማያውቀኝ ነው። ጎረቤቶቹን ያውቃል፤ ድሮ የጠገናቸውን መኪኖች ሳይቀር ከነሕመማቸው ያስታውሳል። እኔ ስገባ ግን ፊቱ ይበራና «በኩሬ፣ መጣህ?» ይላል። አንተን ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ አርመው ነበር። «ትንሹ ነኝ አባባ፤ ጋራዡን የያዝኩት።» ያኔ ፊቱ ይጠቁራል። «እሱስ የታለ?» እያለ በር በሩን ያያል፤ ማንኪያ ሳቀርብለት አፉን ይገጥማል። ባለቤቴ «አቤት ብትለው ምን አለበት?» ብትለኝ ተቆጣኋት። ነገሩ አንገበገበኝ። አንተ «ጋራዡ ይቅርብኝ፣ አስተማሪ እሆናለሁ» ብለህ ስትወጣ፣ እሱም «ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም» ብሎ በሩን ሲዘጋብህ፣ መኪና ስር ተኝቼ የቀረሁት እኔ ነኝ። የማጥበው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ፣ የሚናፈቀው አንተ። በሬ ባረሰ አህያ አፈሰ ይሉ የለ? አንተን አህያ ማለቴ አይደለም፤ ተረቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለራስ ስለመሞት ሲሰበክ ከሰው ሁሉ ጮክ ብዬ አሜን የምለው እኔ ነኝ። መጠጥ መተው፣ ክፉ አለመናገር ይመስለኝ ነበር። እሱማ አልከበደኝም። በገዛ አባቴ አፍ ስሜን ማጣት ግን አቃተኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ጢሙን እላጨው ነበር። እጄ ብሎን እንጂ ጉንጭ ስላልለመደ ቀስ እላለሁ። በደህናው እጁ የእጄን አንጓ ያዘ።

«በኩሬ፣» አለ፣ «በሩን የዘጋሁብህ ተሳስቼ ነው። ልከፍትልህ ስንቴ ተነሥቼ መሰለህ የተቀመጥኩት። ይቅር በለኝ።»

እንባው በሳሙናው ላይ ወረደ። እናታችን ስትቀበር እንኳ ያላለቀሰ ሰው።

«ትንሹ ነኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እውነት ነው፣ መብቴም ነው። ግን ብናገረው፣ ስንት ዘመን አምጦ ያወጣው ይቅርታ መድረሻ ሊያጣ ነው። ምላጩን አስቀመጥኩ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እሱ ባያውቀኝም አንተ ታውቀኛለህ» አልኩ። ወንድሜ፣ በቀላሉ እንዳይመስልህ፤ ጥርስ ያለ ማደንዘዣ እንደመነቀል ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አባባ» አልኩት።

እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «እኔ የነሳሁህን እሱ ይስጥህ። ልጆችህ አይራቁህ» ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩ፤ ያለ ወትሮዬ ቀስ ብዬ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያንን ትንሹን ደግሞ አደራ። አትቀየመው። ለራሱ የሚያምረው ነገር ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ለኔ ብሎ ነው የቀረው። ነግሬው አላውቅም።»

ምን ልበልህ? ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ጉልበቱን አቅፌ አለቀስኩ። ባለቤቴ «ቆረጥከው እንዴ?» እያለች ሮጣ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ይበላል፤ እንቅልፉም ደህና ነው። «በኩሬ» ሲለኝ «አቤት» እላለሁ፤ አይቆረቁረኝም። ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ሳወርደው ነው። ጋራዥ ውስጥ ሳፏጭ ደንበኞቼ «ሎተሪ ደረሰህ?» ይሉኛል።

ምርቃቱ ያንተ ነው፤ ሳላጎድል ልኬልሃለሁ። ይቅርታውን ግን ጀመርኩልህ እንጂ አልጨረስኩልህም። ና። መደወልም አያስፈልግህም፤ በሩን ገፋ አድርገህ ግባ። ደግሞ እንዳትደነግጥ፤ እኔን «በኩሬ» ማለት ለምዷልና፣ አንተን ሲያይ «ትንሹ፣ መጣህ?» ይልህ ይሆናል። ያን ጊዜ «አቤት» ብለህ ተቀመጥ። ለራስ መሞቱ አሁን ያንተ ተራ ነው፤ አይዞህ፣ አይገድልም።

አልጋህን አንጥፌ የምጠብቅህ፣
ታናሽ ወንድምህ