እጄ ከቶቡ ሥር

ጥር 4፣ ረቡዕ

ዛሬም ካፉሪ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ስሠራ ዋልኩ። ስምንት መጋረጃ አጥቤ ስምንቱንም ተኮስኩ። የቤቱ እመቤት ራንዳ «ሐጃ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። ዐይኗ ስልኳ ላይ ነው። አልደከመኝም አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

በሐፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ዐብደልወሃብ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አስሮ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ባሌ ያለ እኔ ከበር አይወጣም። ወደ ዳቦ ቤት ሄድን። እኔ በግራው። ቀኝ እጄ ከቶቤ ሥር ክርኑን ይዛለች። ወደ እኔ ሲያዘነብል እገፋዋለሁ፤ ሲረጋ ላላ አደርጋለሁ። ከውጭ ምንም አይታይም። ሰውነት ላይ በሚጠቀለል አራት ሜትር ተኩል ጨርቅ ውስጥ ስንቱ ይደበቃል...

ዳቦ ሻጩ እንደ ሁልጊዜው «ማሻአላህ፣ አሁንም እንደ ሙሽሮች!» አለ። ሰፈሩ የሚያውቀን በዚህ ነው። ፍቅር መስሏቸው።

ጥር 8፣ እሑድ

ጣይብ መጣ። ከባሌ ጋር ደቡብ ውስጥ አንድ መድፍ ላይ ነበሩ። ከግራ እጁ ሦስት ጣት የለውም።

«የድሮ ቁስለኞችን ፋይል እንደገና እየከፈቱ ነው» አለ። «ቁምስዮኑ፣ የሐኪም ቦርዱ ፊት መቅረብ ነው። ሐኪም ያይሃል፣ ይጽፍልሃል፣ ኻላስ። አበል አለው፣ የሕክምና ካርድ አለው።»

«እኔ ምን ሆንኩና?» አለ የእኔው ሰው፣ ግድግዳውን በመዳፉ ተደግፎ።

«ያ ዐብደልወሃብ፣ እኔ ጣቴን አሳያቸዋለሁ። አንተ ምን ታሳያለህ? ያንተ ቁስል ጆሮህ ውስጥ ነው የተደበቀው፣ እንደ ሌባ።»

«አንተ ደግሞ ጣት ስለጎደለህ ጄኔራል የሆንክ መሰለህ።»

ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ካርዱና አበሉ ካለ... ካፉሪን እተዋለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ አልቋል። ከዚያ በላይ ግን ወረቀቱን ፈለግኩት። ይህ ሰው ታማሚ ነው የሚል፣ ማህተም ያረፈበት። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እጽፈዋለሁ።

ይህን ደብተር ማንም አያነብብኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፤ የአገሬ ልጅ ፋሪሃ ሳጃና ሰፈር ቤቷ ውስጥ ለእኛ ለወሎ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ስታስተምር። ልጄ ሰሚሐ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ እንደ ልቤ።

ጥር 13፣ ዓርብ

ነፋሱ ቀዝቅዟል ዛሬ። እንዲህ ባለ ቀን ነበር።

በድርቁ ከወሎ ተሰድጄ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት። ሱቅ ዐረቢ፣ ትልቁ ገበያ ውስጥ ለውዝ እሸጥ ነበር። አንድ ወታደር መጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲራመድ መንገዱ የአባቱ የሚመስል። የእኔ ዐረብኛ «ስንት» እና «የለም» ነበር። እሱ ያለው አማርኛ ደግሞ... ምንም። ለውዝ ገዛ። በማግስቱም ገዛ። በሦስተኛው ቀን ናይል ዳር ወሰደኝ።

ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አለ። ጫማውን አወለቀና ላዩ ላይ ወጣ። እጆቹን ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን ሄደ። ወዲህ እኔ፣ ወዲያ ውሃው። «ውረድ! አንተ ሞኝ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። የገባው ይመስል ዞረና በአንድ እግሩ ቆመ። በአንድ እግሩ! እየሳቀ።

እንዲያ የቆመ ሰው...

ከዚያ ለጦርነት ደቡብ ላኩት። እዚያ ያሉት ሰዎች ምን አድርገውት ነበር? አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩም። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈነዳ፤ ከግራ ጆሮው ደም ፈሰሰ። ደሙ ሲቆም ዳነ ተባለ። ምድር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ ቆማ አታውቅም።

የካቲት 2፣ ረቡዕ

ቁምስዮን ቀረብን። ከዋዜማው ጀለቢያውን ተኮስኩለት፣ ጢሙን ተላጨ። ግቢው በድሮ ወታደር ተሞልቷል። ክራንች፣ ጥቁር መነጽር፣ ባዶ እጅጌ። እኛ በመሐላቸው ሠርግ የተጠራን መስለን አለፍን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በመስኮት አይቶናል።

«ከበሩ እስከዚህ ያለ በትር ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ ጀናቦ!»

«ቁም። ዐይንህን ጨፍን።»

«ሓድር፣ ጀናቦ!» አለና ተረከዙን አጋጨ። ደረቱ ወጣ። ናይል ዳር ያየሁት ሰው ተመልሶ መጣ። ኮራሁ... አዎ ኮራሁ፣ ለማን እዋሻለሁ?

ሐኪሙ አንዴ ቀና ብሎ አየው። ጻፈ። «ቀጣይ!» አለ። ኋላችን ብዙ ሰው ነበር።

የካቲት 14፣ ሰኞ

መልሱ መጣ። ሰሚሐ ከሥራዋ እንደገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አነበበችው።

«ዩማ፣ እናቴ፣ ስሚ። ያለ ማንም ድጋፍ ይቆማል፣ ይራመዳል ይላል። ውድቅ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ሐኪሙ ነዋ! አንቺ የት ነበርሽ?»

«አጠገቡ።»

«አጠገቡ የት?»

«በግራው...»

ዐይኗ ወደ ቀኝ እጄ ወረደ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ዐይንህን ጨፍን ሲለው እጄ የት ነበረች? ከቶቤ ሥር፣ ወገቡ ላይ። ሳላዛት ሄዳ ይዛዋለች።

«ዩማ! ያባን፣ አባቴን ደገፍሽ? እዚያም?» ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች።

የካቲት 15

በሉ እንግዲህ ልጻፈው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ለሰሚሐ የትምህርት ቤት ጫማ ልንገዛ ሱቅ ዐረቢ ሄድን። ከሐፍላ ሲወርድ ዞረበትና የቲማቲም ጋሪ ላይ ወደቀ። አንዱ «ሰክራን!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለ። ሰካራም፣ ሰካራም... ፖሊስ መጣ። አፍህን ክፈት አለው። ባሌ፣ አንድ ጉንጭ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ሕዝብ መሐል አፉን ከፍቶ ለአንድ ጎረምሳ አስሸተተ። ልጁ አጠገቡ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ። ጢሙ ላይ የቲማቲም ፍሬ ነበር።

ቤት ስንገባ «ጦይባ፣ ከእንግዲህ አልወጣም» አለ።

«ትወጣለህ» አልኩት።

በማግስቱ እጄን ከቶቡ ሥር አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ አንድ ጊዜም አልወደቀም። አንድ ጊዜም! በዚህ ነበር የምኮራው።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

ሰሚሐ ያስገባችውን ይግባኝ ተቀበሉ። ቀጠሮው ሚያዝያ አሥር። ሰሚሐ እንደ ፖሊስ ቆማ ታዛለች።

«ዩማ ውጭ ትቀራለች።»

«እሷ ካልገባች አልገባም» አለ አባቷ።

«እሺ ትግባ። እጇን ግን ኪሷ ውስጥ ታድርግ።»

«ቶብ ኪስ የለውም» አልኩ።

ሦስታችንም ሳቅን። ስንት ጊዜ ሆነን?

መጋቢት 7

ግቢ ውስጥ ለመለማመድ ለቀቅኩት። ሦስት እርምጃ ሄደ። ያዝኩት። አልቻልኩም።

ሚያዝያ 10፣ ሰኞ

የዛሬዋ ሐኪም ሴት ናት። ጠና ያለች፣ የወታደር ማዕረግ ያላት። ስንገባ ቶቤን አየችው። ፊቴን አይደለም፣ ቶቤን።

«ሐጃ፣ ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«በይ ልቀቂውና እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጪ» አለች፣ ዝግ ብላ።

ለቀቅኩት።

«ዐይንህን ጨፍንና ወደ እኔ ና፣ ያ ዐም።»

አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ላይ ግራ እጁ እኔን ፈለገች። አየር ጨበጠች። እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባት። ወደቀ። ከኋላው ሊይዘው የቆመው ወታደር ዘገየበት። ጥምጥሙ ተፈትቶ እስከ ጠረጴዛው እግር ተዘረጋ።

ማንም አልሳቀም። ማንም አፉን አላሸተተም። ሴትየዋ ራሷ ተንበርክካ ቀና አደረገችው፣ ጆሮውን አየች፣ ስለ ፍንዳታው ጠየቀችው። ብዙ ጻፈች። እኔ ጥምጥሙን ሰብስቤ እጥፍ አደረግኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አጠፍኩ።

ስንወጣ ክርኑን ልይዝ ስል «ተይ» አለ። ከሐፍላው ወርዶ እስከ ቤት ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ።

ሚያዝያ 11

አላናገረኝም።

ሚያዝያ 14፣ ዓርብ

አናገረኝ።

«ስወድቅ አየሽ?»

«አየሁ።»

«አንዳንዴ እኮ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው። በቃ ቀስ በቀስ ተሻለኝ እል ነበር።»

ሻይ አፈላሁለት።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ወረቀቱ መጣ። ሰሚሐ ሁለት ጊዜ አነበበችልን። ማዞር፣ ሚዛን መሳት፣ በጦር ሜዳ የደረሰ፤ አበልና ካርድ ይገባዋል። ማህተሙን በጣቴ ዳሰስኩት። ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብል ጣይብ «የሠርግ ፎቶ ነው እንዴ?» አለ። በትርም ሰጡት፣ ጫፉ ጎማ ያለው። ለራንዳ እስከ ወሩ መጨረሻ ነኝ አልኳት። ስልኳን አስቀመጠች። በአሥራ አንድ ዓመት መጀመሪያዋ ነው።

ከሰላት በኋላ ወደ ዳቦ ቤት ሄድን። በትሩን በግራው ያዘ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ። ቀኝ እጄ የምትገባበት አጣች። አንዴ ቶቤን ታስተካክላለች፣ አንዴ ትንጠለጠላለች። እሱ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ። ሰው አየው፣ በትሩን አየ፣ መንገድ ለቀቀለት። ይኸው ነው? አንድ እንጨት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩትን አንድ እንጨት በግልጽ ይናገረዋል፣ ማንም ምንም አይልም...

ዳቦ ሻጩ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ በመሐላችን ያለውን ክፍተት አየ።

«ሐጃ፣ ምነው? ተጣላችሁ እንዴ?»

ዐብደልወሃብ ሳቀ። የረሳሁት ሳቅ፣ የግንቡ ላይ ሳቅ። በትሩን ወደ ቀኙ አዛወረና ግራ እጁን ዘረጋልኝ።

«በትር አለህ እኮ» አልኩት።

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«እንዲሁ ነው። ያላ፣ እንሂድ።»

ያዝኩት። ከቶቡ በላይ።