ከስሜ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ

«ሰካራም» ብለሽ የጻፍሽልኝ ምን አድርጌሽ ነው፣ እትዬ ሙሉካ? ሰላምታዬን እንኳ አስረሳሽኝ። ባለሽበት ጤና ይስጥሽ፤ እኔ አንበሳ ነኝ። ሆስፒታል የተኛሁት ለትንሽ ነገር ነው። ዲላ ገበያ ላይ ኩንታል ቡና ብቻውን የሚያነሳ ከኔ ሌላ ማን አለ?

እዚህ የበሽተኛ ቤተሰብ የምታፈላልግ ወይዘሪት የትምወርቅ የምትባል አለች። «ከአረቄ የሚጠብቅህ ዘመድ ካልመጣ አትወጣም፤ ማን አለህ?» አለችኝ። አንቺ ሩቅ ነሽ ብዬ ሸዋነሽን አስመዘገብኩ። አዎ፣ አረቄ ሻጯን! ሌላ ማን ያውቀኛል? እሷም ልትጠይቀኝ መጣች፤ ነጠላዋ ስር ጠርሙስ ይዛ።

«የታመመ በባዶ እጅ አይጠየቅም፣ ጀግናዬ» አለችኝ።

የትምወርቅ ጠርሙሱን ቀማቻት፤ ደብተሯን ከፍታ ስሟን ሰረዘች። እኔ ጠብታም አልቀመስኩም፤ ሽታው ብቻ ነው የደረሰኝ።

ጽሑፌ የተንጋደደው እስክሪብቶው ክፉ ሆኖ ነው። አጠገቤ የተኛው የወናጎው ሽብሩም እንደኔ ዓይኑ ቢጫ ነበር። ማንም አልመጣለትም፤ ትናንት አልጋውን ለሌላ ሰው አነጠፉት።

አሁን ደብተሩ ላይ ከስሜ አጠገብ ባዶ ነው። የናቴ ልጅ፣ በደህና ያገናኘን። ወንድምሽ ጴጥሮስ ነኝ። ስድብሽን እዚሁ መጥተሽ ጨርሺው፤ አሁን ግን «መጣሁ» ብለሽ ቶሎ ጻፊልኝ!