«ራስን መክሰስ ሲስተሙ ላይ የለም» ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን የመዝገብና የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ኮምፒውተርዎንም ከአቧራ፣ ከመብራት መቆራረጥና እንደ እኔ ካለች ባለጉዳይ ይሰውርልኝ።

ዓቢዳ እባላለሁ፤ የመርሳ ነዋሪ፣ የሟቹ ሲራጅ ባለቤት ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በልጆቼ አሮጌ መጻሕፍት ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢያነክስ ይታገሡኝ፤ እኔም መሥሪያ ቤትዎን ታግሻለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ባለቤቴ ግራና ቀበሌ ያለውን፣ ከእህቱ ከሀጂራ ጋር የወረሱትን የመስኖ መሬት ለብቻው ሊይዝ ፈልጎ፣ «ሀጂራ ድርሻዋን በፈቃዷ ትታለች» የሚል ወረቀት አጽፎ ለፍርድ ቤት አቀረበ። በምስክርነት አውራ ጣቴን ያተምኩበት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር፤ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን ግን አውቅ ነበር። ሀጂራ በዚያ ወረቀት ተፈርዶባት ወደ ሐራ ወረደች፤ በሰው እርሻ ስትለፋ አረጀች። ባለቤቴ ሲሞት መሬቱን ልመልስላት የመሬት ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ በፍርድ የተወሰደ በፍርድ ካልሆነ አይመለስም አሉኝ። ወደ እናንተ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አቶ ተፈራን ከግቢው ስላስወጡልን አመሰግናለሁ። አቶ ተፈራ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ የሰውን ነገር እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ብዕር አያነሡም። በ2013 «በሐሰት መስክሬአለሁና ቃሌ ይታረም» ብለው የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው። ወዲያው ጦርነቱ ደረሰብን፤ መዝገብ ቤቱ ተሰብሮ ወረቀቱ ሜዳ ላይ ተበተነ። ሰላም ሲመስል በርበሬ ልገዛ ሄጄ፣ የማላውቃቸው ባልና ሚስት በተፋቱበት የፍርድ ውሳኔ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። የእኔን ማመልከቻ ማን ምን እንደጠቀለለበት አላውቅም። ስመለስ አቶ ተፈራ የሉም፤ በእጅ የተጻፈ አይገባም፤ ሁሉ ነገር በአገልግሎት መስኮቷ በኩል ኮምፒውተር ላይ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቷ አመሰግናለሁ። እዚያ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። «እትዬ፣ ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?» አለችኝ። ሁለቱም ነኝ ብላት ሳቀች። «እሱ የለም እኮ! አንዱን ካልመረጥኩ ሲስተሙ አያሳልፈኝም።» እርስዎ ዘንድ መጥቼ ሳስረዳ፣ ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያነሡ «ራስን መክሰስ ሲስተሙ ላይ የለም» አሉኝ። ልጅቷ ከሳሽ ዓቢዳ፣ ተከሳሽ ሀጂራ ብላ ሞላችው። ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ማንበብ እችላለሁ እያልኩ የምኩራራዋ ሴት፣ ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ሲገፋኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሳላነብ ፈረምኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሀጂራን ያልፈለጋት ፍርድ ቤት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሐራ ድረስ በስልክ መልእክት አገኛት፦ ዓቢዳ መሬት ይገባኛል ብላ ከስሳሻለችና ቅረቢ። ሀጂራ ማንበብ ስለማትችል መልእክቱን ጎረቤቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። መንደሩ ሰማ።

አራተኛ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ። ዳኛው በሌላ ከተማ ሆነው እኛ በስክሪን ስናያቸው የመጣልንን ሥልጣኔ አደነቅሁ። ሀጂራ አልቀረበችም። እኔ ግን ተነሥቼ፣ ለልጆቼ እንኳ ያልነገርኩትን ኃጢአቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስ የዳኛው ምስል አፉን ከፍቶ እንደቆመ ነበር፤ ኔትወርኩ ከሄደ ቆይቷል። በማግስቱ የተሰጠኝ ወረቀት «ከሳሽ ክሷን ስላላስረዳች መዝገቡ ተዘግቷል» ይላል።

ያንኑ ወረቀት ይዤ ሐራ ወረድኩ። ሀጂራ ግቢ ቆሜ ወረቀቱን አነበብኩላት፤ ቀጥዬ ዳኛው ያልሰሙትን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ማንበብስ ለመድሽ፣» አለችኝ።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተነሺ! በወረቀት ነው የወሰዳችሁብኝ፤ በወረቀት መልሺልኝ። አውፍታውን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።»

የተከበሩ ኃላፊ፣ ሀጂራ አርጅታለች፤ ታስላለች። ጦርነቱ ይመለሳል የሚባለውን ወሬ እርስዎም ይሰማሉ፤ መዝገብ ቤት ሲሰበር ምን እንደሚቀር አይተናል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መዝገቡ ተከፍቶ፣ ጆሮ ያለው ዳኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዋሽቻለሁ ስል ይስማኝና ይጻፍልኝ። ሊቀጡኝ ከፈለጉም ይቅጡኝ፤ ለዚያ ሲስተሙ ቦታ እንደማያጣ እተማመናለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት ዕድሜ ልኬን የማልረሳዎት፣
ዓቢዳ፣ የሲራጅ ባለቤት
መርሳ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ዛሬ ስሜን አሳምሬ መፈረም እችላለሁ። ከዚህ በታች ያተምኩት ግን አውራ ጣቴን ነው፤ ስዋሽ ያለ አንድ ጥያቄ ያመናችሁት እሱን ነበርና፣ ምናልባት እውነት ስናገርም ታውቁት እንደሆነ ብዬ ነው።