ጋራዥ የቀረው ሳጥን

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12
ከስዊድን ወደ ኢስቶኒያ በሚሄደው መርከብ ላይ

የኔ ቆንጆ ቱቫዬ፣

እንደምን አለሽ ልጄ? ኒውዚላንድ አሁን በጋ ነው፤ ይሄኔ አሸዋ ላይ ተጋድመሽ ይሆናል። እኔ እናትሽ የቀዘቀዘ የአተር ሾርባ ፊቴ አስቀምጬ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ነው የምጽፍልሽ። ደክሞኛል ቱቫ። አርባ ክረምት ሙሉ ከአባትሽ ጋር በየመርከቡ ተንከራትቻለሁ፤ እንደ ዘንድሮ የደከመኝ ጊዜ ግን የለም።

የእነዚህን በረዶ ላይ በሸራ ጀልባ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ነገር ታውቂዋለሽ፤ የውድድሩ ቦታ የሚቆረጠው ጥሩ በረዶ የት እንዳለ ሲታወቅ ነው። እሑድ ዕለት ፖላንድ ነው አሉን፤ ሻንጣ ሸከፍኩ። ማክሰኞ የጠጠረውን ሐይቅ ከሰማይ የወረደ ለስላሳ በረዶ አለበሰው፣ ጀልባ አይሄድበትም ተባለ፤ ሻንጣውን ፈታሁ። ትናንት ደግሞ ኢስቶኒያ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ጠጥሯል፣ ቶሎ ኑ ብለው ደወሉ። የአባትሽ ደስታ የሙሽራ ነው። ምሰሶውንና ሸራውን መኪናው ላይ ጫንን፤ እስከ ወደቡ የነዳሁት እኔ ነኝ። ወገቤን አሞኛል ይላል። ወገቡን አላመመውም።

ልንገርሽ እንግዲህ። በስልክ "አባዬ ደህና ነው?" ስትዪኝ "ደህና ነው" እያልኩ ስዋሽሽ ከርሜያለሁ። ዓይኑ እየጠፋ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁት፤ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ይጋረድበታል፣ የሚታየው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። እሱ አልነገረኝም፤ እኔም ማንበቤን አልነገርኩትም።

ባለፈው ወር እኛው ሐይቅ ላይ ሲለማመድ ዳር ቆሜ አየው ነበር። አንዲት ወጣት ጀልባዋን እየገፋች ነበር። አባትሽ በዚያ ፍጥነቱ መጣና በክንድ ርቀት አልፏት ሄደ። ራሷን በረዶው ላይ ጣለች እንጂ አብቅቶላት ነበር። እሱ እየሳቀ ተመልሶ "ዛሬ እንዴት ነበርኩ?" አለኝ። አላያትም እኮ ቱቫ! ምን ልበለው? "ጎበዝ ነበርክ" አልኩት። ይህን ያልኩበትን አፌን ጠላሁት።

ውድድሩ ላይ ባንድ ጊዜ ሃምሳ ጀልባ ነው የሚነሳው። ወይ ራሱን ይገድላል፣ ወይ የሰው ልጅ ይገድላል። ዛሬ ጠዋት ዕቃ ስንጭን የስለቶቹን ሳጥን ጋራዥ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። ረስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው። ጀልባዋ የምትንሸራተትባቸው ሦስቱ የብረት ስለቶች ከሌሉ ቀሪው ጣውላና ጨርቅ ነው። ሳጥኑን መጫን ሁልጊዜ የኔ ሥራ ስለሆነ አይጠረጥርም ብዬ ነው።

ጅልነቴ የገባኝ መርከቡ ከወደብ ከወጣ በኋላ ነው። አይ የኔ ነገር! እነዚህ ሰዎች ስለት ለጎደለው ጓደኛቸው ስለት ሊነፍጉ ነው? እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳጥን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁሉንም ልነግረው ቆረጥኩ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም።

በዚህ መሀል ሄኒንግ ሾርባውን ይዞ ከተፍ አለ። አባትሽን እያሸነፈም እየተሸነፈም ያረጀው ያ ለፍላፊ፣ መቼም አትረሺውም።

"አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አልሞትክም?"

"አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!" አለ አባትሽ።

"ስለትህን ዘንድሮ ሞርደኸዋል ወይስ እንደ አምናው ዳቦ ላይ ቅቤ ልትቀባበት ነው?"

አባትሽ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሳጥኑን ረስቼው መጣሁ" አለ።

እኔ ክው አልኩ። ሄኒንግ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። "ሰዎች፣ ኑ ጉድ ስሙ! አልቫር ስለቱን ረሳ!" በየጠረጴዛው ያሉት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ዞረው አዩን። በነሱ ዘንድ እኮ ያለ ስለት መምጣት ያለ ሱሪ ከመምጣት አይሻልም። የአባትሽ ጆሮ ቀላ።

"አይዞህ፣ የኔን ትርፉን ትወስዳለህ" አለው ሄኒንግ ሳቁን ሲጨርስ።

"ይቅርብኝ።"

"ምን ማለት ነው ይቅርብኝ? እስከዚህ ድረስ መጥተህ?"

"ይቅርብኝ አልኩህ እኮ! በሰው ስለት አልወዳደርም። እናንተ ስትገለበጡ ዳር ቆሜ እስቃለሁ።"

ሄኒንግ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ሳጥኑ መቅረቱን ማን ነገረው? እኔ እንደሆንኩ አልተነፈስኩም። ይጠይቀኛል ብዬ ብጠብቅ፣ ኮቱን ደርቦ ንፋስ ልቀበል ብሎ ወጣ። እስካሁን ያለውን የጻፍኩልሽ እሱ ውጭ ሳለ ነው።

አሁን ተመልሶ አጠገቤ ተቀምጧል።

"ለቱቫ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩትና ወረቀቱን በእጄ ከለልኩት።

"አትሸፍኚው፣ አይታየኝም። አንብቢልኝ።"

አይታየኝም የሚል ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም አነበብኩለት፣ ሐይቁ ላይ ለጥቂት የሳታትን ወጣት ነገር ጭምር። እሷ ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ፤ እስክጨርስ አለቀቀኝም።

በይ ልጄ፣ የምትረግጪው ሁሉ ይጽናልሽ፤ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ። ቅዳሜ ደውዪለት። ስለ ውድድሩ አትጠይቂው፤ ስለ ራስሽ ብዙ አውሪለት።

ሁሌም የምትናፍቅሽ እናትሽ
ሲግኔ

ከዚህ በታች ያለው የአባትሽ ቃል ነው፤ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩት።

"ቱቫዬ፣ እናትሽን እንዳትቆጪያት። ሳጥኑን ጠዋት አግኝቼዋለሁ። የጋራዡን በር ልዘጋ ስል እግሬን መታኝ፤ ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። አንስቼ መኪናው ውስጥ ማስገባት እችል ነበር። ፈርቼ ነበር ልጄ። ዝም ብዬ በሩን ዘጋሁት።"

ፊርማው የራሱ ነው፤ ከመስመሩ ቢወጣም።