የአቶ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ባለቤታቸው አሟሟት ከተሰጠ እርማት ጋር

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸጊቱ፣ በጣና ዳር በደልጊ፣ ሰኔ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ድጓ እንዲማሩ ከመምህር ቢያስጠጓቸውም ልባቸው ከዜማው ይልቅ ወደ ተበላሸ ራዲዮ ያደላ ነበር። መሪጌታም ተቆጥተው ተቆጥተው ሲታክታቸው በ1966 ዓ.ም. በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ሰደዷቸው።

በባሕር ዳር ቀን በአንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ክፍል እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ አሥረኛ ክፍልን አጠናቀዋል። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሥርጉት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ግሩምንና ብሥራትን ወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላም የራሳቸውን የጥገና ሱቅ ከፈቱ።

በየዓመቱ በጳጉሜን፣ ሰው ጠበል ሲል፣ እሳቸው መፍቻቸውን ይዘው የውኃ ማሞቂያ ሊያድሱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። የቦይለሩን ውኃ ያፈስሳሉ፣ የጋገረውን ኖራ ይፍቃሉ፣ የተቃጠለውን ሬዚስታንስ፣ ማሞቂያ ሽቦውን፣ ይቀይራሉ። ዕድሜው ያለቀውን ግን ቢለመኑም አይጠግኑም፤ ይህ ሞቷል፣ ቅበሩት ብለው ይወጣሉ። ምላሳቸው እሬት፣ ሥራቸው ማር ነበር።

ሰኔ ሲገባ ጠባቸው ከከሰል ጋር ነው። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ሲፍም ከእንግዲህ አይጎዳም ተብሎ ወደ ተዘጋ ክፍል ይገባል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን ፍሙ ከጭሱ የባሰ ገዳይ መሆኑን ያውቁ ነበርና እየገቡ አውጡ ይላሉ፤ በምትኩም የጠገኑትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያውሳሉ። በዚህ ስንት ሕፃን እንደተረፈ ፈጣሪ ያውቃል።

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ ሥርጉት ወባ ይዟቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። የቤታቸው ማሞቂያ አይሠራም፤ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሬዚስታንሱን ነቅለው ለአንዲት አራስ ማሞቂያ ገጥመውታል። ነገ እተካዋለሁ ሲሉ ሁለት ቀን አልፏል። ዝናቡ ሲያይል፣ ባለቤታቸውም አሙቁኝ እያሉ ሲለምኗቸው፣ እኒያ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አውጡ ሲሉ የኖሩትን ፍም በገዛ እጃቸው አስገቡ። ዝናቡ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጉ፤ መጣሁ ብለውም ሬዚስታንስ ሊያመጡ ወደ ሱቅ ሄዱ። ዝናብና ደንበኛ ይዟቸው ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሲመለሱ ወ/ሮ ሥርጉት አርፈዋል። ወይኔ ሥርጉት!

በማግስቱ በወ/ሮ ሥርጉት ቀብር ላይ “ባደረባቸው የወባ ሕመም” ተብሎ ተነበበ። ያነበበው የሟቿ ታናሽ ወንድም መርስዔ ኀዘን ነበር፤ እውነት መስሎት እያለቀሰ አነበበ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ቢከፍቱም ሲስቁ ያያቸው የለም።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ባለፈው ጥቅምት ልጆቻቸውንና መርስዔ ኀዘንን አስጠርተው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። በቀብራቸው ቀን እውነቱ በሰው ፊት እንዲነበብ፣ የሚያነበውም መርስዔ ኀዘን እንዲሆን ለመኑ። ግሩም አባቴን በሬሳው ላይ አላዋርድም አለ። ብሥራት ደግሞ የእናቴም ሞት ውሸት ሆኖ አይቀርም ብላ መለሰች። መርስዔ ኀዘን ተነሥቶ ወጣ።

ሁለት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ቤቱ ግን ሩቅ አይደለም፤ በእግር የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል በር በተንኳኳ ቁጥር መርስዔ መጣ ወይ ይሉ ነበር። እሱም ንዴቱ እየበረደ ሲሄድ፣ ለገና ጾሙ ሲፈታ ሄጄ እታረቃለሁ ብሎ ቀጠረ። እሳቸው ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ይህን የጻፈውም፣ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበውም መርስዔ ኀዘን ነው። እህቱ የሞተችው በወባ አይደለም፤ በከሰል ፍም ነው። እናንተም ስሙና ከቤታችሁ አውጡ።

ጋሼ ዓምዴ፣ በር በሩን ሲያዩ አልመጣሁም። ይቅር ብየዎታለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

የአብርሃም አምላክ የእሳቸውንም የእህቴንም ነፍስ በአንድነት በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያኑርልን።